የሰኔ ሙቀትና የሰኔ ፈተና

ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነውና፣ የግቢያችንን ሙቀት እንደ አዲስ ወሬ አናወራም። የሚያሳዝነን ስለዚሁ ሙቀት በየዓመቱ የሚነገረው ሁሉ ከሁለት ነገር አለማለፉ ነው። አንዱ ቀልድ ነው፤ ሁለተኛው ስድብ ነው። ቀልዱ በድንጋይ ላይ ስለሚጠበሰው ዕንቁላል የሚወራው ሲሆን፣ ስድቡ ደግሞ ሙቀት የሚከብደውን ተማሪ “ቅምጥል”፣ “ሰበበኛ”፣ “የእናቱ ልጅ” እያሉ ማሸማቀቅ ነው። ተሰዳቢው ያፍራል፤ አፍሮም ዝም ይላል፤ ዝም ብሎም በፈተና አዳራሽ ውስጥ ይደክማል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ሙቀትን መቻልና አለመቻል የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን የሰውነትና የሰዓት ጉዳይ መሆኑን ነው። ሰውነትን ለማስለመድ ጊዜ ያስፈልጋል። የፈተናን ሰዓት ለመለወጥ ግን አንድ ስብሰባ ይበቃል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ሰመራ ግን ከ450 ሜትር በታች ናት። እንግዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወርድ ተማሪ በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ የ15 ዲግሪ ያህል ለውጥ ይገጥመዋል ማለት ነው። ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ሰውነቱ ገና ደጋ ነው።

የወራቱ ስምም ደገኛውን ያሳስተዋል። በደጋ አገር ያደግን ሰዎች ሰኔ ሲባል ደመና፣ ጭቃና ጋቢ ይታዩናል። በምዕራቡ ቆላ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ ዋናው ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ሆኖ ዝናቡ ሲመጣ ይበርዳል። እኛ ባለንበት በምሥራቁና በሰሜን ምሥራቁ ቆላ ግን ሰኔ ከዓመቱ ወራት ሁሉ እጅግ ከሚሞቁት አንዱ ነው። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና የሚውለውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ በሰኔ ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው አቤቱታ ሁሉ ከዚህ ግጥጥሞሽ የመነጨ ነው።

የሰው ሰውነት በውስጡ 37 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይዞ ለመኖር የተሠራ ነው። አየሩ ሲሞቅ ዋናው መከላከያው ላብ ነው። ይሁን እንጂ ሰውን የሚያቀዘቅዘው የላቡ መውጣት ሳይሆን የላቡ መድረቅ ነው። ይህንንም እናቶቻችን ከሸክላ እንስራ ያውቁታል፤ እንስራው በውጭ እያላበ ላቡ ነፋስ ሲያገኘው በውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። ውኃ ያልጠጣ ሰው የሚያልበው ላብ ያጥረዋል፤ ነፋስ በማይገባበት ክፍል የተዘጋ ሰው ደግሞ ላቡ አይደርቅለትም። በሁለቱም መንገድ ሙቀቱ በውስጡ ይከማቻል።

“ቆላ ይለመዳል” የሚሉት ሰዎች ከእውነት የራቁ አይደሉም። በሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለምዳል። ላቡ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፤ በላቡ የሚጠፋው ጨው ይቀንሳል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። የሆነ ሆኖ በዚህ አባባል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተዘንግተዋል። አንደኛ፣ ልምዱ ቋሚ አይደለም፤ ለዕረፍት ወደ ደጋ ወጥቶ ጥቂት ሳምንት የቆየ ተማሪ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ እኩል አይለምድም፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ሰውነቱ የከበደ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ላብን የሚቀንስ ወይም ሽንትን የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የበለጠ ይጎዳል። ሦስተኛ፣ የለመደም ቢሆን ወሰን አለው። አገሬው እንኳ ለሙቀት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው “ይለመዳል” ብሎ ነገሩን ባልዘጋው ነበር።

ለመሆኑ አገሬው ምን ያደርጋል? በድሬዳዋ ገበያተኛው እኩለ ቀን ሲያልፍ ሱቁን ዘግቶ ከጥላ ይገባና ፀሐይ ስትበርድ ተመልሶ ይከፍታል። አርብቶ አደሩ ዋናውን ሥራውን በማለዳ ይጨርሳል። ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራው የአፋር ጎጆ ነፋስ ያሳልፋል፤ እኛ የምንማርበት ባለቆርቆሮ አዳራሽ ግን ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ከቀትር በኋላ በራሳችን ላይ ይተፋዋል። አገሬው ሽርጥ ያገለድማል፤ እኛ ጂንስ ሱሪ አጥብቀን፣ ጥቁር ቲሸርት ለብሰን በቀትር ሜዳ እናቋርጣለን። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው የአገሩን ሰው ኑሮ ቢመለከት ብዙ መጽሐፍ ከማገላበጥ ያድናል። የሚያስገርመው፣ ሱቁ፣ ገበያውና ከብቱ በሚያርፍበት ሰዓት የሚሠራ አንድ ነገር ቢኖር የእኛ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው።

ከአስተዳደሩ የምንጠይቀውን ከመጠየቃችን በፊት እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለውን እንናገር። ውኃ እስኪጠማን ሳንጠብቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንጠጣ፤ የሽንታችን ቀለም ከጠቆረ ውኃ አንሶናል ማለት ነው። ብዙ ያላበው ሰው ምግቡን አይተው፤ በላብ የወጣውን ጨው የሚተካው በምግቡ ነውና። ሰፋ ያለና ነጣ ያለ የጥጥ ልብስ እንልበስ። ኳስና ሩጫ ለማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። ፀሐይ የሚመታውን መስኮት በቀን በመጋረጃ ሸፍነን፣ ማታ ውጭው ሲበርድ ሁሉንም እንክፈት። በመኝታ ጊዜ ሻሽ ወይም ፎጣ አርጥቦ አንገትና ክንድ ላይ ማድረግ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ቬንትሌተር ያለውም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ፤ የክፍሉ አየር ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን ትኩስ ነፋስ ከማምጣት በቀር አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ ቆዳን በውኃ ማርጠብ ያስፈልጋል። መድኃኒት የምንወስድ ደግሞ በራሳችን ፈቃድ ሳናቋርጥ ስለ ሙቀቱ ሐኪም እንጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ጓደኞቻችንን እንይ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሙቀትም ሲጎዳ ቀስ ብሎ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና የጡንቻ መኮማተር ሲጀምር ሰውየው ወደ ጥላ ገብቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ውኃ ወይም በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። ነገር ግን ንግግሩ ከተቀላቀለ፣ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ወይም ራሱን ከሳተ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው “ትንሽ ይተኛ” ብሎ መተው አይገባም። ሐኪም እየተጠራ፣ በዚያው ባለበት ጥላ ሥር ልብሱን አውልቆ ሰውነቱን ሁሉ በቀዝቃዛ ውኃ ማራስና ማራገብ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ ማፍሰስ ግን ሊያንቀው ስለሚችል ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ ነው። የፈተና ሰዓት ግን በእጃችን አይደለም። በሰኔ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በአንድ አዳራሽ ተጨናንቀን ለሦስት ሰዓት ስንቀመጥ የሚፈተነው ዕውቀታችን ነው ወይስ ላባችን? ይህ ጥያቄ የቅሬታ ብቻ እንዳይመስል ማስረጃ እናቅርብ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በነበረ የሙቀት ማዕበል 44 ወጣት ተማሪዎች ለ12 ቀናት ተጠንተው ነበር። ግማሽ ያህሉ ማቀዝቀዣ ባለው፣ የቀሩት በሌለው መኝታ ቤት የሚያድሩ ነበሩ። በየጧቱ ከእንቅልፋቸው እንደነቁ ሲፈተኑ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ያደሩት መልስ ለመስጠት 13 ከመቶ ያህል ዘገዩ። እነዚህ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ የተፈተኑትም ገና በማለዳ ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እንደዚሁም ጂሱንግ ፓርክ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2011 የተሰጡትን የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዎች መርምሮ፣ በ32 ዲግሪ ቀን የተፈተኑ ተማሪዎች በ24 ዲግሪ ቀን ከሚያገኙት ያነሰ ውጤት እንደሚያገኙ አሳይቷል። 32 ዲግሪ ለእኛ የሰኔ ረፋድ ነው!

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስብበት የምንፈልገው ፍትሕን ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል አጥንተው፣ አንዱ በጧት ሌላው በ8 ሰዓት ቢፈተኑ ውጤታቸው ስለ ዕውቀታቸው ብቻ ይናገራል ለማለት ያስቸግራል። ያ ውጤት ደግሞ የትምህርት ክፍል ምርጫን፣ ከትምህርት መባረርንና የወደፊት ሥራን የሚወስን ነው። በዚህ ላይ የሰኔን ጾም የሚጾሙ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነርሱም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም የማይቀምሱ ይገኛሉ። ረመዳን በሙቀት ወራት በሚውልባቸው ዓመታትም የሙስሊም ተማሪዎች ችግር ከዚህ የባሰ ነው። የጧት ፈተና ለሁሉም እኩል ይበጃል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለዩኒቨርሲቲው ባለሥልጣኖች በአክብሮት እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ የሚሰጥ ማንኛውም ፈተና ከጧቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት ይለቅ፤ ሁለተኛ ፈተና ካለም ወደ ማግስቱ ይተላለፍ። ሁለተኛ፣ ወደ ፈተና አዳራሽ ውኃ ይዞ መግባት እንደ ማታለል አይቆጠር። ሦስተኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በቀትር የሚያጠፋውን ሰዓት በሌሊት ይካሰን። አራተኛ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀትር ፀሐይ ለምዝገባ እንዳይሰለፉ፣ ስለ ሙቀትም በገቡበት ቀን ምክር እንዲሰጣቸው ይደረግ።

አንዳንድ አስተማሪዎቻችን “ፈተናው ሳምንት ሊጨምር ነው፤ አዳራሽም አይበቃም” ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥቂት ቀን ይጨምራል። ነገር ግን የሚጨመረው ቀን ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ለአዳራሹ ሁሉ ማቀዝቀዣ ይገዛ ብንል ኖሮ የበጀት መልስ ይሰጠን ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ማቀዝቀዣው ይቆማል። ጧት ግን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይመጣል። በሞቀው አዳራሽ እየተዘዋወሩ የሚቆጣጠሩት፣ ኋላም የላብ ጠብታ ያጠፋውን ጽሕፈት የሚያርሙት አስተማሪዎቻችን ራሳቸው ስለሆኑ፣ የዚህ ለውጥ ተጠቃሚዎች ከእኛ ቀጥሎ እነርሱ ናቸው።

ነገሩን በተማሪ ብቻ ብንወስነው ራስ ወዳድነት ይሆንብናል። እኛ በሰኔ ሦስት ሰዓት ብንቀመጥ፣ በር ላይ የሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አትክልተኞቹ፣ ይልቁንም በእሳት ላይ እሳት ተጨምሮባቸው በምጣድ ፊት የሚውሉት እናቶች ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች እንኳ የቀትርን ሥራ የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ፣ በእነርሱ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በሜዳ ላይ በፀሐይ ማሠራትን ከልክላለች። ሕጉ በሰው ማድ ቤት ውስጥ ለምትደክመው እኅታችን አለመድረሱ ጉድለቱ ነው፤ ሰዓትን መለወጥ የሚቻል ነገር መሆኑን ግን ያስረዳል። በግቢያችንም የሠራተኞቹ የቀትር ፈረቃ እንዲያጥር፣ ለጥበቃዎቹም ጥላና ውኃ እንዲዘጋጅላቸው የተማሪዎች ማኅበራችን ከራሱ ጥያቄ ጋር አያይዞ ማቅረብ ይገባዋል።

በመጨረሻም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምንለው ይህን ነው። ሙቀት የሚከብደው ጓደኛህ ሲደክም ብታየው አትሳቅበት፤ ውኃ ስጠው፣ ጥላህን አካፍለው። አንቺም ሙቀት የከበደሽ እኅታችን አትፈሪ፤ ተናገሪ። ለአስተማሪዎቻችንና ለባለሥልጣኖቻችንም የምናሳስበው፣ የሚመጣው ሰኔ እንደ ወትሮው መሞቁ የማይቀር ስለሆነ የፈተናው መርሐ ግብር ከመታተሙ በፊት እንዲታሰብበት ነው። ከታተመ በኋላ የሚቀረው እንደ ልማዱ ቀልድና ስድብ ብቻ ነው።