የአሮጌ መኪና ጥገና ይታሰብበት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በከተማችን መንገድ ላይ የሚተላለፉትን መኪኖች ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይገለጽለት አይቀርም። ይኸውም ከአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎን ለጎን ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ መኪኖች በብዛት ሲሄዱ መታየታቸው ነው። ስለ አዲሶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ አሮጌዎቹ ግን የሚባለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ እኔም የአንዲት አሮጌ መርሴዲስ ባለቤት እንደ መሆኔ መጠን የደረሰብኝንና የተማርሁትን፥ እንዲሁም ለሁላችንም ይበጃል ብዬ የማምንበትን አሳብ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

አስቀድሜ አንባቢ እንዳይታዘበኝ አንድ ነገር ልግለጽ። መርሴዲስ ሲባል ብዙ ሰው ባለቤቱን ባለጸጋ አድርጎ ይገምተዋል። እኔ ግን በደመወዝ የምተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መኪናዋን የገዛኋት በ2004 ዓ.ም. እቁብ በደረሰኝ ጊዜ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የተሠራችና 124 ከሚባለው ዓይነት የምትመደብ የቤንዚን መኪና ናት። የተጠየቅሁባት ዋጋ በዚያን ጊዜ ከአንዲት ትንሽ አሮጌ ቶዮታ ዋጋ ያነሰ ነበር። እኔም ትልቅ ስም በትንሽ ገንዘብ ያገኘሁ መስሎኝ ተደሰትሁ። የዋጋውን ምክንያት የተረዳሁት ውሎ አድሮ ነው። የአሮጌ የቅንጦት መኪና ዋጋ እንደ ዕድሜዋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን እንደ ስሟ ከፍ ብሎ ይኖራል። ይህን ሳያስብ የገዛ ሰው መኪናዋን በግማሽ ዋጋ ገዝቶ ሌላውን ግማሽ በየወሩ ሲከፍል ይኖራል።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት በገዛኋት በሦስተኛው ወር ነው። በገዛሁ ቀን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 180,000 ይል ነበር። ዘይት ላስለውጥ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ በወሰድኋት ጊዜ፥ እርሳቸው በበሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ የቆየ አንድ የዘይት መለወጫ ወረቀት አገኙ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው 312,000 ነበር። እኔ ደንግጬ፥ «ጋሼ፥ ይህ ምን ማለት ነው?» ብላቸው፥ «ልጄ፥ መቁጠሪያው ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ሞተሩ ግን ወደ ኋላ አይመለስም» አሉኝ። ሻጩን ብፈልገው አላገኘሁትም። ባገኘውስ ኖሮ በምን ማስረጃ እከሰዋለሁ? በሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር እንጂ የተሄደው ርቀት አልተጻፈም።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሽማግሌው ምክር አንድ ደብተር አበጀሁ። ዘይት የተለወጠበትን፥ ፊልትሮ የተቀየረበትን፥ ጎማ የተገዛበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ሁሉ እጽፍበታለሁ። በዚሁ ስሌት መኪናዬ ዛሬ ቢያንስ 430,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። እስካሁንም ወደ ሥራ ታደርሰኛለች። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ብዙ የሄደች መኪና ሁሉ የሞተች አይደለችም ለማለት ነው። በግሪክ አገር፥ በተሰሎንቄ ከተማ፥ አንድ ባለታክሲ በ1976 እ.ኤ.አ. በተሠራች መርሴዲስ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካው ቤተ መዘክር አስረክቧታል። ይህም ምድርን ከመቶ ጊዜ በላይ እንደ መዞር ነው። ዳሩ ግን መኪናዋ ያን ያህል የሄደችው ብረቷ የተለየ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ባለቤቷ ሞተሯን በየጊዜው እያወጣ በሌላ ይተካ፥ የወጣውንም እያስጠገነ ያስቀምጥ ስለ ነበር ነው። የረጅም ዕድሜ ምስጢሩ ይህ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

በአገራችን ለመኪና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ደግሞ ከሌላው አገር ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህም ምክንያት እንደ እኔ መኪና ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ዳገቱን ለመውጣትም አብዝቶ ይደክማል። ውሃም በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በእኛ ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ግፊቱን አፍኖ ይዞ ውሃው ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት እንዲችል ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃው ይፈላል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ቴስታታውም ይጣመማል። እኔ ይህን ባለማወቄ ትንሽ ክዳን ሳልለውጥ ቀርቼ ለቴስታታ ሥራ የሦስት ወር ደመወዜን ከፍያለሁ። አንዳንድ ጋራዦችም መኪና ሞቀ ሲባሉ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ይህ መድኃኒት አይደለም። ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ ቶሎም ያልቃል።

ይህ ሁሉ የኪስ ጉዳት ነው። ከኪስ ያለፈውን ደግሞ ልናገር።

በ2010 ዓ.ም. የፍሬን ሸራ ማስለወጥ ባስፈለገኝ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሸራ ቀረበልኝ። አንደኛው ውድ፥ ሁለተኛው ግን ዋጋው ከሩብ የማይበልጥ ነበር። የሁለተኛው ካርቶን ላይ የታወቀ ፋብሪካ ስም ታትሞ ስለ ነበር ያለ ምንም ምርመራ ገዛሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዬ ለዓመታዊ ምርመራ ቀረበች፤ አለፈች፤ ቦሎም ተለጠፈላት። በቀጣዩ እሑድ ልጄን ይዤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ከቁልቁለቱ መካከል ላይ የመቃጠል ሽታ ሸተተኝ። ፍሬኑን ብረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ማርሹን ወደ ታች እየቀነስሁ፥ የእጅ ፍሬኑንም እየሳብሁ፥ በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አጋጭቼ አቆምኋት። ልጄ ምንም አልሆነችም። ከእኛ በታች ግን እንጨት የተሸከሙ እናቶች በመንገዱ ዳር ይወርዱ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ቁልቁለት በሕልሜ ይመጣል።

ሽማግሌው መካኒክ ጎማዎቹን አውልቀው ካዩ በኋላ የነገሩኝን እጽፋለሁ። ሸራው ሐሰተኛ ነበር፤ ሙቀት ሲነካው ተቃጥሎ እንደ ከሰል ተፈርፍሯል። ነገር ግን ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አልነበረም። «የፍሬን ዘይት መቼ ለወጥህ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። በደብተሬ ላይ የሞተር ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት ከቶ አልተጻፈም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በፈላ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። ይህን አለማወቄ የእኔ ጥፋት ነው። ሐሰተኛ ሸራ መሸጡ የነጋዴው ጥፋት ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና «ደኅና ናት» ብሎ ማሳለፍ ደግሞ የመርማሪው ጥፋት ነው። ሦስታችን ተባብረን ሰው ልንገድል ነበር ማለት ነው።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ የአንድ ሰው መኪና ታሪክ ለሕዝብ ጋዜጣ ምን ይረባል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ የሕዝብ የሆነበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ላስረዳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች የታክስ ማበረታቻ ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀመረ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው። አገራችን ነዳጅን በሙሉ ከውጭ በምንዛሪ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪክን ግን ከራስዋ ወንዞች ታገኛለች። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መዞሩን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን እነዚህ ውሳኔዎች በአንድነት ሲታዩ የሚያስከትሉት አንድ ነገር አለ። እርሱም አሮጌው መኪና ከመንገድ አለመውጣቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችለው ደመወዝተኛ ያለችውን መኪና ይዞ ይቆያል። መለዋወጫዋ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ዋጋው ሲጨምር ባለመኪናው ወደ ርካሹ ሸራ ይሄዳል። እኔ በ2010 ዓ.ም. ያደረግሁትን ዛሬ ብዙ ሰው ከእኔ በበለጠ ችግር ተገዶ ያደርገዋል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያውስ አሮጌ መኪና ሁሉ ከመንገድ ይውጣ» ይላሉ። ይህ ለመናገር ቀላል ነው። በአሮጌ ላዳ ታክሲ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ናቸው። ደግሞም አደጋ የሚያደርሰው የመኪናው ልደት ሳይሆን የፍሬኑ ሁኔታ ነው። በሚገባ የተያዘች የሠላሳ ዓመት መኪና፥ ከተጣለች የአሥር ዓመት መኪና ትሻላለች።

ስለዚህ በበኩሌ የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያስቡበት የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ዓመታዊው ምርመራ ለቦሎ መለጠፊያ ብቻ የሚደረግ ሥርዓት መሆኑ ቀርቶ ፍሬን በመሣሪያ የሚለካበት፥ የፍሬን ዘይትም የሚታይበት ይሁን። ሁለተኛ፥ በምርመራው ቀን መቁጠሪያው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር በየዓመቱ ተመዝግቦ ለገዢ እንዲገለጽ ይደረግ። ይህ አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ መቁጠሪያ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ሰው ግን እጁን ያስረዋል። ሦስተኛ፥ የፍሬንና የመሪ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የዕቃውን ስምና የፋብሪካውን ምልክት በደረሰኝ ላይ እንዲጽፍና ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ እንዲጠየቅ ይደረግ። የኪስ ሬዲዮ ሐሰተኛ ቢሆን ዝም ይላል፤ የፍሬን ሸራ ሐሰተኛ ቢሆን ግን ይገድላል።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችም የምናገረው አለኝ። በየመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ጎድሏቸው ዓመታት የቆሙ፥ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች እናያለን። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው። እያንዳንዱ የሥምሪት ክፍል ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ቢይዝና በደብተሩ መሠረት ቢያስጠግን ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ይድናል። የግል መኪና ያለውም ሰው ይህንኑ ያድርግ። ከመግዛቱ በፊት የመኪናዋን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓመት ጥገናዋን ወጪ ይጠይቅ። አቅሙ ለጥገናው ካልበቃ ስሟ ትልቅ የሆነውን ትቶ ትንሿን ይግዛ። በትልቅ ስም ተቀምጦ በፍሬን ላይ መቆጠብ ክብር አይደለም።

ሽማግሌው መካኒክ ዛሬ ሥራቸውን ትተው ቤት ውለዋል። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄጄ ደብተሬን ባሳየኋቸው ጊዜ መጀመሪያ የፈለጉት ገጽ የሞተሩ አልነበረም። የፍሬን ዘይት የተለወጠበትን ቀን በጣታቸው እየተከተሉ ፈልገው ካገኙት በኋላ፥ «አሁን ልጅህን ይዘህ እንጦጦ ውጣ» አሉኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ