ፎርማኑስ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከሚያሠራው ባለ4 ፎቅ ሕንጻ ደጅ ጧት 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ። 11 ሰው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ግንበኞቹ ብሎኬት ይጠብቃሉ። ብሎኬቱ ማታ መጥቶ በሩ ሥር ተራግፏል፤ አሁን በባሬላ ወደ ጓሮ ይጋዛል፣ ከጓሮ ደግሞ ወደ ላይ። 2ኛው ፎቅ ላይ አንድ ልጅ ባለፈው ሳምንት የተለሰነ ግድግዳ በመሮና በመዶሻ ይበረብራል። ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ሳይዘረጋ ልስኑ ቀድሞታል። ለሳኙ ተከፍሎታል፣ በርባሪው ይከፈለዋል፣ ነገ የሚደፍነውም ይከፈለዋል።

"ቧንቧው እንዳልተቀበረ አላያችሁም ነበር?" አልኩት ልጁን፣ የመስመሩን ማለቴ ነው።

"አይተናል ጋሼ። ማን ጠየቀን?"

ወዳጄ ግን "እዚህ አገር ሠራተኛ የለም!" ባይ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ አምስቱ "ማ"ዎች በባለቀለም ወረቀት ተለጥፈዋል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የካይዘን ሥልጠና ወስዷል፤ እሱና የሒሳብ ሠራተኛዋ። ፎርማኑስ? "እሱ ከሄደ ሥራውን ማን ያየዋል?"

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ እነቶዮታ ብክነትን የሚያራግፉበት አሠራር ለግንባታም ይሆናል ወይ ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከእሱ ወዲህ እነግሌን ባላርድ ያበጁት ዘዴ "የመጨረሻው አቃጅ" ይባላል። አቃጁ ታዲያ ሥራ አስኪያጁ እንዳይመስላችሁ! ነገ ማን ምን እንደሚሠራ ሳይቱ ላይ የሚወስነው ሰው ነው፤ በኛ ቋንቋ ፎርማኑ። ሳምንቱ ሲጀመር ዕቃው፣ ሰውና ከፊቱ ያለው ሥራ መሟላቱን አይቶ፣ የሚችለውን ብቻ ቃል ይገባል። ሲያልቅ ከቃሉ ስንቱ እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ላልተፈጸመው ምክንያቱ ይጻፋል። ክሬን አይጠይቅም። አንድ ደብተር ይበቃል።

እኛ ግን ደብተሩን ለሚይዘው ሰው ሳይሆን ወረቀቱን ለሚለጥፈው ሰው እናስተምራለን። ከዚያ "ሠራተኛው አይለወጥም" እንላለን። የትኛው ሠራተኛ? ቅዳሜ ሒሳቡን ዘግተን ያሰናበትነው ነው ወይስ ሰኞ ጧት ከመንገድ ዳር ያነሳነው?

"ባሠለጥነው ሌላ ኮንትራክተር ይነጥቀኛል" የሚለውን ስሞታ አውቀዋለሁ። ሐሰት አይደለም። ክፍያ የዘገየበት አነስተኛ ኮንትራክተር 30 ሰው በቋሚነት ይያዝ የሚልም የለም። ግን ፎርማኑን፣ ዋና ግንበኛውንና የፌሮ ሠራተኛውን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይዞ መሻገር ያቅታል? ግድግዳ ሁለቴ ለማስለሰን የተገኘው ገንዘብ ለዚህ እንዴት ይጠፋል?

ወዳጄን በሚቀጥለው ወር ለሌላ ሥልጠና ሆቴል ጠርተውታል። በአንተ ፈንታ ፎርማኑን ላከው አልኩት። ሳቀ። "እሱ ሆቴል ገብቶ ምን ይሠራል?" አለኝ።