የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

ዛሬ የማጫውታችሁ እንደኛው በስደት አሜሪካ ስለገባች ሴት ነው።

ሣራ ጄን ሮቢንሰን አየርላንድ ተወልዳ፣ ወላጆቿ ሲሞቱባት ገና በልጅነቷ ከታናሽ እህቷ ከአኒ ጋር ባሕር ተሻግራ ማሳቹሴትስ ገባች። ልብስ እየሰፋች ኖረች፤ አግብታም ወለደች። ዕዳ ግን አልለቃትም። ጎረቤት የሚያውቃት በታታሪነቷና በሽተኛ በማስታመሟ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1885 አኒን የሳንባ ምች ጣላት። ሣራ ጄን ደርሳ፣ እየተሻላት የነበረችውን እህቷን «አትተርፍም፤ በሕልሜ አይቻለሁ» ብላ አስወራች። ነርሷን አሰናብታ ማስታመሙን ራሷ ያዘች። አኒ ሞተች።

የአኒ ባል ፕሪንስ አርተር ፍሪማን ልጆቹን ይዞ እርሷው ቤት ገባ። ከአንድ መረዳጃ ማኅበር የ2,000 ዶላር የሕይወት ዋስትና ነበረው፤ እኛ ዕድር ከምንለው ብዙም አይርቅም። ተቀባይዋ ሣራ ጄን እንድትሆን ስሙን አዛወረ። ወራት ሳይቆይ እርሱም ሞተ፤ ገንዘቡም ተከፈላት። በ1886 የገዛ ልጇ ሊዚ፣ ትንሹ የእህቷ ልጅ ቶማስ፣ በመጨረሻም ወንዱ ልጇ ዊልያም ተከታትለው አለቁ።

ይህ ሁሉ ሬሳ ከአንድ ቤት ሲወጣ እንዴት ዝም ተባለ? አርሴኒክ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ በዚያ ዘመን ከተራ የሆድ በሽታ መለየቱ ቀላል አልነበረም። ሐኪሞቹም ለየሞቱ የየራሱን በሽታ ስም ሰጡት። ከዚህ የባሰው ግን ይሉኝታው ነው። ልጅ የሞተባትን እናት ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

የዊልያም ሐኪም ግን ጠረጠረ። በሽተኛው ያስመለሰውን ለሃርቫርድ ፕሮፌሰር ልኮ አስመረመረ፤ አርሴኒክ ተገኘበት። ለዊልያም አልደረሰለትም። ሣራ ጄን በ1888 በእህቷ ባል ግድያ ሞት ተፈረደባት፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ በ1906 እዚያው እስር ቤት ሞተች።

እኛም ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን፣ የዕድሩን ገንዘብ አስረክበን፣ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። ደግ ባህል ነው፤ ይቆይልን። በስደት ላይ ሐዘንተኛን ሁሉ እንጠርጥር ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ቤት ሦስተኛው ሬሳ ሲወጣ «ምን ነካቸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አኒን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት የገዛ እህቷ ነበረች።