የ1780ው ጠገራ ብር፦ «ከንግሥቲቱ ሞት ወዲህ የተመታው ሁሉ ፎርጅድ ነው» ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

በአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዘንድ አንድ አስተያየት ሥር ሰዷል። ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ስለሆነ እርሷ በሕይወት ሳለች የተመታው ጠገራ ብር ብቻ እውነተኛ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ቅጂ፣ ሲብስም ፎርጅድ ነው ይላል። ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል። ይሁን እንጂ የብሩን ዕድሜና የብሩን እውነተኛነት አንድ አድርጎ ስለሚያይ ከመነሻው ተሳስቷል።

በብሩ ላይ የተጻፈው 1780 የተመታበትን ዓመት አይናገርም፤ የንድፉ አካል ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ብቻ ይቀበል ስለነበር፣ ኦስትሪያ ዓመቱን ሳትለውጥ ማስመታቷን ቀጠለች። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት ባለ 10 ሳንቲም ዓመቱ 1936 ዓ.ም. እንደሆነ እስከ ዘመነ መንግሥቱ ማብቂያ ድረስ ተመትቷል፤ በ1950ዎቹ የወጣውን ፎርጅድ ነው የሚል ግን የለም። ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት የላቲን ፊደላትም እንዲሁ ናቸው። የጉንዝቡርግ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ሲሆኑ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ባቫሪያ ከተላለፈች በኋላም ፊደላቱ ከንድፉ አልወጡም። ዛሬ ቪየና በሚመታው ብር ላይ ሳይቀር አሉ። ስለዚህ ፊደላቱን አሳይቶ «ይኸው የጉንዝቡርግ ነው» የሚል ሻጭ ምንም ማስረጃ አላቀረበም።

ከተቃራኒዎቼ ጠንቃቆቹ እዚህ ላይ ሌላ መከራከሪያ ያነሣሉ። ዓመቱን እንተወው፤ ነገር ግን ባለመብቱ መንግሥት ያላስመታው ብር እንዴት እውነተኛ ይባላል? ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱ ግን የት እንደሚያደርሰን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ኦስትሪያ ብሩን የማስመታቱን መብት ለ25 ዓመት ለኢጣልያ ሰጠች፤ መምቻ ማኅተሞቹም ወደ ሮም ሄዱ። ብሩ የጠፋባቸው የለንደን ነጋዴዎች በበኩላቸው የእንግሊዝን መምቻ ቤት ጠየቁና እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያለ ኦስትሪያ ፈቃድ በለንደን ይመታ ጀመር። የእንግሊዞቹ ማመካኛ ብሩ በኦስትሪያ ከ1858 ወዲህ ሕጋዊ መገበያያ አይደለም የሚል ነበር። ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተዋል። እንግዲህ ፈቃድን ብቸኛ መመዘኛ ካደረግን፣ ወራሪው ለጦርነቱ ያስመታው የሮም ብር «እውነተኛ» ሆኖ፣ በብር ይዘቱ ከእርሱ የማያንሰው የለንደኑ «ሐሰተኛ» ይሆናል። ይህን መደምደሚያ የሚቀበል ካለ ይቀበለው፤ እኔ አልቀበልም።

የተገበያየበት ሕዝብም አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢጣልያ ለኤርትራ ያስመታችውን ታለሮ አስቡ። መንግሥት ያስመታው ነው፤ ክብደቱም የብር ይዘቱም ከማርያ ትሬዛ ጋር የተስተካከለ ነው፤ መልኩም ሆን ተብሎ እንዲቀራረብ ተደርጓል። ገበያው ግን ገፋው። የአጤ ምኒልክ ብር እንኳ፣ ክብደቱ ሳይጎድል፣ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ገበሬውና ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ ይቀበል ነበር። ይህን አላዋቂነት አድርገው የጻፉ የውጭ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የተበላውን ብር ካልተበላው ለመለየት ሚዛን በሌለበት ገበያ የሚያዋጣ ዘዴ ሆኖ አየዋለሁ፤ ጎልቶ የሚታይ ዕንቁ ያልተፋቀ ብር ምልክት ነውና።

ታዲያ ሐሰተኛ ጠገራ የለም? አለ፤ ሞልቷልም። እኔ ሐሰተኛ የምለው የብሩን መልክ ይዞ የብሩን ይዘት ያጎደለውን ነው። ልኩ ይታወቃል፦ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጥር ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በሱቅ የሚታመንበት ማግኔት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ናስንም፣ እርሳስንም፣ ቆርቆሮንም ማግኔት አይስባቸውም። ድምፅም ያሳስታል፤ ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት እውነተኛ ብር ሲጥሉት ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። የተሻለው ብሩን በክር አስሮ መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ መመዘን ነው። ሙሉው ብር ውሃ ውስጥ 2.75 ግራም ያህል ይቀልላል፤ የአየር ክብደቱ ለዚህ ልዩነት ሲካፈል ወደ 10.2 ይመጣል። በዚያው ክብደት የተሠራ የናስ ብር ከ3.2 ግራም በላይ ስለሚቀልል ውጤቱ ወደ 8.5 ይወርዳል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም በእጅ ብዛት ያለቀ ብር ክብደቱ ቢጎድልም ውጤቱ አለመለወጡ ነው። እርሳስና ቆርቆሮ በልኩ የቀላቀለ አጭበርባሪ ይህንንም ሊያመሳስል ይችላል። እርሱን የሚያጋልጠው የብረቱ ልስላሴ፣ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ዕቃ የሚያሳየው ብጉርና የደበዘዘ ፊደል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠርዙ ነው። «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የላቲን የጠርዝ ጽሑፍ በማፍሰስ ጥርት ብሎ አይወጣም፤ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ከታየበትም ነገሩ አለቀ። የኤክስሬይ መሣሪያ ያላቸውም ይጠንቀቁ፤ የሚያነበው ላዩን ብቻ ስለሆነ በብር የተለበጠውን አያጋልጥም።

የቀረው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የተመታው ብርቅ ስለሆነ ዋጋው መወደዱን አልክድም፤ ነገር ግን መምቻ ቤቱን የሚለየው እንደ ዋልተር ሃፍነር የ1984 (እ.ኤ.አ.) መዝገብ ያለ ሥራ ይዞ የንስሩን ጅራት ላባዎች፣ የትከሻውን ጌጥ፣ የነጥቦቹን አቀማመጥ በማስተያየት ነው። የለንደንን ብር የ1780 ነው ብሎ የሸጠ ሰው አታልሏል፤ ሐሰቱ ያለው ግን በሻጩ ቃል እንጂ በብሩ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሻጮችም ሆኑ ስብስባቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩ፣ ከብሩ ሥር «1780» ብቻ ጽፈው አይተዉ፤ ክብደቱን፣ የውሃ ሚዛኑን ውጤትና ከታወቀ መምቻ ቤቱን ይጻፉ። ካልታወቀም «መምቻ ቤቱ ያልተለየ» ይበሉ። ሰብሳቢዎችም ከአያቶቻቸው የወረሱትን ሙሉ ብር ፎርጅድ ነው ሲባሉ በአንጥረኛ ዋጋ ከመሸጣቸው በፊት ያስመዝኑት።