“ግቢ ውስጥ ነው የተፈለፈለችው” ለሚል ሻጭ
ሐተታ፤ በተ. ገ.

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ሰፋ ካለው ግቢ አንዳንዱ ኤሊ ያኖራል። ልጆች ጎመን ያበሏታል፣ እንግዳ ፎቶ ያነሳታል። ዛሬ ዛሬ “ከዱር የተያዘች ናት ወይስ በእርባታ የተወለደች?” ብሎ የሚጠይቅ ገዢም አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን የሚመጣው ከሻጩ አፍ ብቻ ነው፤ ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በዛሬው ሁኔታ ሁለቱንም አትግዙ።

ቢጫማ ቅርፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን የቆላ ኤሊ እናስብ። በዱር እንቁላል ለመጣል ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። እንቁላሉ ደግሞ እስኪፈለፈል ከ8 ወር በላይ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። እንግዲህ ጎልማሳ ኤሊ ተሸክሞ “ግቢ ውስጥ ነው የተፈለፈለችው” የሚል ሰው ስንት ዓመት ቀለባት? የቀለቡ ወጪስ ዋጋው ውስጥ የታለ? ማራባት ዓመታት ይጠይቃል፤ ከቆላ መንገድ ዳር አንስቶ መኪና ላይ መጫን ግን የደቂቃ ሥራ ነው። ርካሽ ኤሊ ከየት እንደመጣች ዋጋዋ ራሱ ይናገራል። አንዲት እናት ኤሊ ስትነሳ ደግሞ አብሮ የሚጠፋው ወደፊት ልትጥለው የነበረው የብዙ ዓመት እንቁላል ነው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ድንበር የሚሻገር እንስሳ ከዱር የተያዘ ይሁን በእርባታ የተወለደ ፈቃዱ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ድንበር ለማትሻገረው፣ ከቆላ ተጭና አዲስ አበባ ለምትገባው ኤሊ ግን ይህ ወረቀት አይደርስላትም።

በየግቢው ላም የሚያልቡ፣ በግ የሚያደልቡ ጎረቤቶቼ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ መዥገር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የዚህችኑ ኤሊ ዝርያ ወደ አገሯ እንዳይገባ ያገደችው፣ ከብትና በግ የሚገድል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ተሸክማ ትመጣለች በሚል ስጋት ነው። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ። እዚያው አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትናንሽ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የተከለከለው በእሱ ምክንያት ነው። በእርባታ መወለድም ከሳልሞኔላ አያድንም። ስለ ኤሊዋ ካነሳን ደግሞ፣ የኮልፌ የሐምሌ ብርድና ጭቃ ለቆላ ፍጥረት ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

አሁን በየግቢው ያሉትስ? ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ወስዳችሁ አትልቀቋቸው፤ አገራቸው አይደለም፣ በሽታም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ከቅጣት በፊት የምዝገባ ጊዜ ይስጥ። ባለቤቱ ሳይፈራ ያስመዝግብ፣ እንስሳዋ ምልክት ይደረግላት፤ ለማራባት የሚፈልግም ፈቃድ የሚያገኝበት በር ይከፈትለት። ያኔ ሻጩን ወረቀትህን አሳየኝ ማለት እንችላለን።