የቤተሰብ ዓምድ፦ የትኛው የፎቶግራፍ ወረቀት?

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ፣ ባለቤታቸው በደንብ ልብስ የተነሡበት አንድ ኔጋቲቭ ብቻ በእጃቸው እንደ ቀረ፣ ልጆቻቸውም የአባታቸውን መልክ የሚያውቁት ከዚሁ ብቻ እንደ ሆነ ገልጸውልናል። ወንድማቸው በጨለማ ክፍል ሊያትሙላቸው ስላሰቡ፣ የትኛው ጥቁርና ነጭ ወረቀት እንደሚበጅ ይጠይቃሉ።

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። በፈረንሳይኛ «ባሪቴ» የሚባለው የፋይበር ወረቀት የቆየውና የታወቀው ሲሆን፣ በሚገባ ከታጠበ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። «አር ሲ» የሚባለው ደግሞ ፊትና ጀርባው በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ኬሚካሉ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ በሚፈስ ውሃ 2 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሳይጠቀለልም ቶሎ ይደርቃል። ፋይበሩ ግን ፊክሰሩን ስለሚጠጣ እስከ 1 ሰዓት መታጠብ ይኖርበታል።

ብዙ ባለሙያዎች ፋይበሩን ያለ ማወላወል ያወድሳሉ። እኛ ግን የውሃውን ነገር ሳንጠይቅ አንፈርድም። በጅቡቲ ውሃ እንደ ዋዛ የሚደፋ ነገር አይደለም። ፊክሰር የቀረበት ፋይበር ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል፤ በደንብ የታጠበ አር ሲ ከዚያ እጅግ ይሻላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ለአንዱ ምስል ብቻ ፋይበር ይያዝና በትሪ ውሃውን ደጋግሞ በመለወጥ ይታጠብ። ለልጆችና ለዘመድ የሚላከው በአር ሲ ይታተም።

ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው። በደጋው አገራችን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲወርድ፣ በጅቡቲ ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዴቬሎፐር የሚፈልገው ግን 20 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶ በቀጥታ አይጨመርበት፣ ያቀጥነዋልና። ትሪው በረዶ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥ። ሥራውን እስከ ታኅሣሥና ጥር ማቆየት ከተቻለማ ይመረጣል።

ያልተነካ ወረቀትም ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው። በቀይ መብራት ሁለት ቁራጭ ቆርጦ አንዱን ፊክሰር ውስጥ ብቻ፣ ሌላውን አስቀድሞ ዴቬሎፐር ቀጥሎም ፊክሰር ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ከጠቆረ ወረቀቱ አርጅቷል። ኮዳክ ጥቁርና ነጭ ወረቀት መሥራት ማቆሙን ያስታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከአሮጌ መደርደሪያ የተገኘ የኮዳክ ፓኮ ሁሉ በዚህ ፈተና ይለፍ። የእንግሊዙ ኢልፎርድና የቼኩ ፎማ ግን ዛሬም ያመርታሉ።

በፓኮው ላይ የሚታየው ቁጥር የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ያመለክታል። መካከለኛው 2 ነው፤ ለፈዘዘ ኔጋቲቭ 3 ወይም 4 ይስማማል። ኢልፎርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ያወጣው «መልቲግሬድ» በማጉያው ላይ በሚደረግ ፊልተር ልዩነቱን ስለሚለውጥ አንድ ፓኮ ይበቃል። ለአንድ ኔጋቲቭ ሦስት ፓኮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምስሉ በፍሬም ሲገባ መስተዋቱን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ጠርዝ ይደረግለት፤ በባሕር እርጥበት ይጣበቃል። ከዚያ በፊት ግን በፋይበሩ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ የአባትየው ስም፣ ማዕርግና ዓመቱ ይጻፍ።