የመሸበት ብስክሌተኛ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስንመላለስ ከመካከላችን ቢቸናን ነቅቶ ያየ ስንት ነው? መጋረጃውን ስበን፣ አንገታችንን ወደ ጎን ጥለን፣ አንዳንዶቻችንም በእጅ ስልካችን ላይ አቀርቅረን፣ ቢቸናን አልፈን ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እንደርሳለን። ከዚያም ግቢያችን ገብተን ስለ ገበሬው ኑሮ ስንከራከር እናመሻለን። በመስኮት እንኳ ስላላየነው ሰው ይህን ያህል መናገራችን ካላሳፈረን፣ ሌላ የሚያሳፍረን ነገር መኖሩን እንጃ።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። ይኸውም ማኅበራችን የብስክሌት ተጓዦች ክበብ እንዲያቋቁም፣ የክበቡም የመጀመሪያ መንገድ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር የሚገባው እንዲሆን ነው።

መንገዱ እንዲህ ያለ ነው። በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሟል፤ በምሥራቅ በኩል የዓባይ ሸለቆ ተገምሷል። መንገዱ በሁለቱ መካከል በተነጠፈው ደጋ ላይ ይሄዳል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሚገኙ፣ ካርታ ብቻ የተመለከተ ሰው ጉዞው የሜዳ ሽርሽር ይመስለዋል። ነገር ግን እነ ሙጋና እነ ሱሃ ከጮቄ እየወረዱ ዓባይን ፍለጋ ሲሮጡ ደጋውን ሰነጣጥቀውታል። ስለዚህ ብስክሌተኛው አንዱን ሲጨርስ ሌላው ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱም በኋላ ዳገት ይጠብቀዋል። ጉልበቱን የሚተማመን ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ይነሣ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ይወርድና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ፍሬኑን ግን አስቀድሞ ይመርምር።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት የዚያ አገር ዋልካ ጭቃ ጎማውን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ብስክሌቱ ሰውን መሸከሙ ቀርቶ ሰው ብስክሌቱን ይሸከማል። ጥቅምት ላይ ግን መሬቱ ይጠነክራል፣ ጤፉም ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛል። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ይህን እንደ ሥዕል ያየዋል። ብስክሌቱን እየገፋ ዳገት የሚወጣ ግን ከአራሚው ጋር ጎን ለጎን ስለሚሆን «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል ለማለፍ አይችልም። የማዳበሪያ ዋጋ ስንት እንደ ደረሰ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ከራሳችን አባቶች የወረስነው ነው እንላለን። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው ሲፈልግ ይኸንኑ አገር በእግሩ አላካለለውምን? በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ ናቸው። መጽሐፋቸው የገበሬውንና የባላባቱን ቤት ከውስጥ ያሳየን ደራሲው አገሩን በእግራቸው ስላወቁት ነው ብለን እናምናለን። በእኛና በቆሎ ተማሪው መካከል ያለው ልዩነት እርሱ ያለ ጎማ መሄዱ ብቻ ነው፤ ውሻው እንደ ሆነ ያው ነው።

ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው የሚሉም አሉ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህም ይቅርና ከመካከላችን የገጠር ልጆች የሆኑት፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ከተማ ቤት ተከራይተው ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰብ፣ እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ለእነርሱ ብስክሌት ቅንጦት ነበር ወይስ የጥናት ጊዜ? እነርሱን ይጠይቋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ገበሬው መታያ አይደለም፤ የእናንተ ሽርሽር ለእርሱ ምን ይረባዋል?» ይሉናል። ይህ ጥያቄ እውነት ስላለበት በቀላሉ አናልፈውም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚጋልቡ የውጭ አገር ሰዎች ለብዙ ዓመታት በአገራችን አልፈዋል፤ ብዙዎቹም እረኛ ድንጋይ ወረወረብን እያሉ ጽፈዋል። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው። ነገር ግን እረኛው ያየው ምንድን ነው? ዓይኑን በጥቁር መነጽር ጋርዶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ እንደ ጥይት የሚያልፍ ፍጥረት ነው። በጎጃም መንገድ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ወይ ጠላት ነው ወይ ሐዘን ያቃጠለው ሰው ነው። እኛም እንዲሁ የምናልፍ ከሆነ ድንጋዩ ባይገባንም ትዝብቱ ይገባናል።

ማየት ግን ዋጋ የለውም ለሚል ሰው የሰባራ ድልድይን ታሪክ እንንገረው። ከሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ይህ የዓባይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በሰው እጅ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። በ1993 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ ልቡ ተነካና ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። በ1994 ዓ.ም. የተደረገውን ጥገና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም፣ በኋላ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካለት። ሰውዬው ምስጋና ይገባዋል። እኛን ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠናል፤ በባሕር ማዶ ያለ ሰው በፎቶግራፍ ያየውን፣ በዚያው አውራጃ መንገድ ስንት ጊዜ የተመላለስን ተማሪዎች አላየነውም። ያላየነውን ደግሞ ልንጠይቅበትና ልንከራከርበት አንችልም።

ማደሪያስ? በጀርመን አገር ሪቻርድ ሺርማን የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዝናብ ደርሶበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አደረ። በዚያ ሌሊት በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለወጣት መንገደኛ ማደሪያ ለምን አይሆኑም ሲል አሰበ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉት የወጣቶች ማደሪያዎች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በቢቸናና በሞጣ መካከል ትምህርት ቤት ያለባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። እኛም ማታ ማደሪያ ስናገኝ፣ ጠዋት ለተማሪዎቹ እንግሊዝኛም ሆነ ሒሳብ አስጠንተን ብንሄድ ጉዞው የአንድ ወገን ጥቅም ብቻ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዕራችን ይቆማል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተቀሰቀሰው ውጊያ መንገድ በየጊዜው ተዘግቷል፣ መንገደኛ ታግቷል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ዘግተዋል። ማደሪያ ይሁኑን ያልናቸው ክፍሎች ከዕረፍት ጊዜ ውጭም ባዶ ሆነዋል። ስለዚህ ማንንም «ነገ ተነሥና ሂድ» አንልም፤ እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ የሰው ልጅ ነፍስ ያልከበደው ነው።

ነገር ግን ዝም ማለትም አይገባም። ሰላም መጣ ብለው ሰዎች በየስብሰባው ሲነግሩን መለኪያው ምን ይሁን? እኛ የራሳችንን መለኪያ እናቀርባለን። አንድ መሣሪያ የሌለው ወጣት በብስክሌት ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ ሲሄድ፣ በመንገድ ቢመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ለማለት የማይፈራበት፣ ባለቤቱም «ይግቡ» ለማለት የማይፈራበት ቀን፣ ያ ቀን ሰላም ነው። አባቶቻችን ይህን ያለ መኪናና ያለ ስልክ ያውቁት ነበር። ከሁለቱ አንዱ እንኳ የሚፈራ ከሆነ ግን አስፋልቱ ቢያብረቀርቅም መንገድ አለን አይባልም።

እስከዚያ ክበቡ ሥራ አያጣም። አሮጌ ብስክሌቶች ተሰብስበው ጎማ መለጠፍና ሰንሰለት መቀጠል በግቢያችን እንማር። ከእነማይና ከሁለት እጁ እነሴ የመጣችሁ ተማሪዎች ዳገቱን፣ ምንጩን፣ ትምህርት ቤቱንና ጎሚስታውን ከትዝታችሁ ጻፉልን፤ ካርታውን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የጉዞ ደንባችንንም ከወዲሁ እንወስን፤ ሰው ስናገኝ ወርደን ሰላም እንላለን፣ ሳናስፈቅድ ፎቶግራፍ አናነሣም፣ የበላነውን እንከፍላለን፣ አልቀበልም ካሉን ምርቃቱን ተቀብለን በሌላ መንገድ ውለታውን እንመልሳለን። እኅቶቻችንም የክበቡ አባላት እንጂ የስንቅ ቤት ኃላፊዎች አይሆኑም።

መንገዱ ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ መገኘት የእኛ ፈንታ ነው። ያን ቀን ቢቸናን ተኝተን አናልፋትም።